በማጣሪያው ውስጥ የቀረ ባዘቶ

ባለፈው ሳምንት ከሲቀላ ወደ ሴቻ በምትወጣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሹፌሩ እግሩ ሥር በውኃ ፕላስቲክ ቤንዚን ይዟል፤ ክዳኑን በደንብ አልዘጋውም። ዳገቱን ስንጀምር ሽታው ቀስ ብሎ ተነሣ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ፣ "ኧረ አንተ ልጅ፣ ልታጋየን ነው እንዴ!" ብላ ጮኸችበት። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ሳንባዬ ጥግ ሳብኩት። ሌላውን ሰው ቤንዚን ራሱን ያመዋል፤ ለእኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሙዝ ቅጠል ጥላ ነው፤ የተከፈተ የመኪና ኮፈን ነው፤ የአባባ ትልልቅ ጣቶች ናቸው። ባጃጇ ደርሳ ሁሉም ሲወርድ እኔ ገና እዚያው ነበርኩ።

አባባ የምለው የእናቴን አባት ነው። ሰፈሩ ጋሽ አንጁሎ ይለዋል። እናቴና እኔ የምንኖረው እሱ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከጓሮው ጫፍ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ሁለቱም ሐይቆች፣ አባያና ጫሞ፣ የሚታዩበት ግቢ። አባባ ከጨንቻ የወረደው በወጣትነቱ ነው። አባቱ ሸማኔ ነበር፤ የአባቱም አባት። እሱ ግን የሽመናውን ጉድጓድ ትቶ መሪ ጨበጠ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ነዳ። ጡረታ ሲወጣ በጨረታ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዛና ከጫኖ ሙዝ እየጫነ ሲቀላ ገበያ ማውረድ ጀመረ።

"ሽመናና መንዳት አንድ ነው" ይለኝ ነበር። "እግር ይረግጣል፣ እጅ ይሠራል፣ ዓይን ፊት ፊቱን ያያል። ሸማኔ ቁጭ ይላል፣ ጨርቁ ወደ እሱ ይመጣል። ሹፌርም ቁጭ ይላል፣ አገሩ ወደ እሱ ይመጣል።"

እኔ ይህን ቃል በቃል አመንኩት። ጋቢናው ውስጥ ከአጠገቡ ስቀመጥ እኛ የማንንቀሳቀስ፣ ተራራውና ዛፉ እየተጎተተ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ወደ ጫኖ ስንሄድ የሙዙ እርሻ መጥቶ አቀፈን ማለት ነው። ተጭነን ስንመለስ ደግሞ ከኋላ፣ በሙዝ ዘለላዎቹ ላይ በጀርባዬ እተኛ ነበር። ሰማዩ በዛፎቹ መካከል እንደ ረጅም ሰማያዊ ጥብጣብ ይተረተራል። አንድ ቀን ዝንጀሮ ከመንገድ ዳር ዘሎ ከጎኔ አንድ ዘለላ ነጥቆ ወረደ። ተያየን። እኔም አልጮህኩ፣ እሱም አልቸኮለ። ለአባባ ስነግረው፣ "ቀረጥ ነው፣ የእሱ አገር እኮ ነው የምናልፈው" አለኝ።

ፒክአፗ ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል። እኔ ሳውቃት የአባያን ውኃ መስላ ነበር፤ ቀይ ይሁን ቡናማ ያልለየለት። አባባ በጋሞኛ ሲናገር ቃሉ እንደ ምንጭ ነው የሚወርደው፤ በአማርኛ ግን ወንድና ሴት ይደባለቅበታል። መኪናዋን "ነይ የኔ እናት" ይላታል፤ እኔን ሴቷን ልጅ ደግሞ "ና አንተ" ይለኛል። ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። እንደዚያ የሚጠራኝ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ክረምት ሁለት ነገሮች ሆኑ። መጀመሪያ የአባባ መነጽር ተሰበረ፤ ራሱ ተቀመጠበት። ሩቁን እንደ ንስር ነው የሚያየው፤ ከጓሯችን ቆሞ ጫሞ ላይ ባለች ጀልባ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ይነግረኛል። ቅርቡ ግን ጭጋግ ሆነበት። ስልክ የምደውልለት እኔ፣ ከጣቱ እሾህ የምነቅልለት እኔ ሆንኩ። "የቅርብ ዓይኔ አንተ ነህ" አለኝ። ይህን ሹመት ይዤ ሰፈሩን ሁሉ በኩራት ዞርኩበት።

ሁለተኛው፣ ቤንዚን ጠፋ። ማደያው በር ላይ ባጃጆች ተሰልፈው ይውላሉ፤ ሹፌሮቹ በባጃጆቻቸው ጥላ ካርታ ይጫወታሉ። እኛም እንደ ሌላው ሰው በጀሪካን የመጣ ቤንዚን መጠቀም ጀመርን። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ አሸዋና ዝገት ያለበት ነው። አባባ አንድ የውኃ ፕላስቲክ ቂጡን ቆርጦ ገለበጠና አንገቱ ላይ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ የሸሚዝ ቁራጭ አሰረበት። እኔ ፕላስቲኩን የመኪናዋ የነዳጅ ጋን አፍ ላይ አጥብቄ እይዛለሁ፤ እሱ ከጀሪካኑ ያወርዳል። ቤንዚኑ ጨርቁን ሲያልፍ በፀሐይ ውስጥ ሐምራዊና አረንጓዴ ይሆናል። ሽታው ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ጨርቁ ላይ የቀረውን ጥቁር አሸዋ አራግፌ፣ ጨርቁን አስጥቼ፣ ለሚቀጥለው አስቀምጣለሁ። የእኔ ሥራ ይህ ነበር። ከዚያ በፊት አዋቂ ሰው የሚያስፈልገው ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ጨርቁን ጣልኩት። እውነቱን ለመናገር አልጣልኩትም፤ ለአሻንጉሊቴ ሻሽ አድርጌላት አሻንጉሊቷ ራሷ ጠፋች። ጀሪካኑ መጣ፤ አባባ ከበሩ ላይ፣ "ጨርቁን እሰር፣ መጣሁ" አለኝ። እኔ ደግሞ የማስረው የለኝም።

ቤት ውስጥ የእናቴ ባዘቶ በዘንቢል ተቀምጧል፤ ከጨንቻ ተልኮላት ማታ ማታ የምትፈትለው፣ የተነደፈ ለስላሳ ጥጥ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ጉልበቴን ቆስዬ ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ቁስሌን ያጸዳችልኝ በጥጥ ነበር። በጨርቅ አልነበረም። ስለዚህ ጥጥ ከጨርቅ ይበልጣል ማለት ነው። እፍኝ ሙሉ ዘገንኩና የፕላስቲኩ አንገት ውስጥ ጠቀጠቅኩት። እንዲያውም አባባ ሲያውቅ የሚያመሰግነኝ መሰለኝ።

አባባ መጣ፤ ቅርቡን አያይምና አላየም፤ አወረደው። ቤንዚኑ መጀመሪያ ቆም አለ። ቀጥሎ እንደ ሰው ጉሮሮ "ግልክ" አለና ሄደ። ጨርሰን ፕላስቲኩን ሳነሣው አንገቱ ባዶ ነበር።

እንደ ስኳር ሟሟ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ባይሟሟስ ብዬ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፒክአፗ ሳለች። ሌላ ቃል የለኝም፤ ሳለች ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ጀምራ፣ እህ፣ እህ፣ ብላ ተንዘፈዘፈችና መንገድ መሐል ቆመች። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ተንጫጫ። አንዱ ጎረምሳ ባጃጁን በጎናችን እያሳለፈ፣ "ፋዘር! ለሙዚየም ያስረክቧት እንጂ!" አለ። አባባ ትንሽ ጠበቀ፣ አስነሣት፣ ሄደች። ሌላ ቀን እንደገና። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ላይ ትታፈናለች።

በዚያው ሰሞን እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ሰማሁ። የአንዲት ሴት ላም ወተቷ ደርቆ ነበር። እናቴ፣ "ጎሜ ነው። የደበቀችውን ትናገር" አለች። ጎሜ እኛ ጋ በሆድ ተሸሽጎ የቀረ በደል ነው። ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ዝናብ ይይዛል፣ ከብት ያከሳል፣ እስኪነገር ድረስ ነገር ሁሉ ይቆማል። በተለይ ለመስቀል ማንም እሱን ተሸክሞ ወደ ድግስ አይገባም። እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉም ነገር ገባኝ። የመኪናዋን ቱቦ የዘጋው ጥጡ አይደለም። የእኔ ዝምታ ነው። ቱቦው ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ዝምታዬ ታየኝ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዓይን ያለው።

መስቀል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አጎቴ ማቴዎስ መጣ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ቢሮ ይሠራል፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ለውዝ እፈለፍል ነበር።

"አባባ፣ ስለ መኪናዋ እንነጋገር" አለ።

"ተናገር።"

"የምትቆመው እሷ አይደለችም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚቆመው? ዳገቱ?"

"እግርህ ነው። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ትለቃለህ። ትናንት ከኋላህ በባጃጅ ነበርኩ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ለመስቀል ደግሞ ልጅቷን ይዘህ ጨንቻ ልትወጣ ነው። ያ ጠመዝማዛ ላይ ብትቆምብህስ? ወደ ኋላ ብትንሸራተትስ?"

"ያን ጠመዝማዛ ሠላሳ ዓመት ወጥቼዋለሁ። መንገዱ ያውቀኛል።"

"መንገዱማ ያውቅሃል" አለ አጎቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ "እግርህ ነው የረሳህ።"

አባባ ወደ እግሩ አየ። ለረጅም ጊዜ አየው፤ እንደ ሌላ ሰው እግር። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሁለታቸው መካከል ያዘው።

"ማጣሪያዋ ነው" አለ። "ቤንዚን እየደረሳት አይደለም። አዲስ እገዛና እዚሁ ቤቴ እቀይረዋለሁ። የድሮው ቆሽሾ ከተገኘ አፍህን ትዘጋለህ። ንጹሕ ከሆነ እግሬ ነው ማለት ነው። ቁልፉ ያንተ ነው፣ ሁለተኛ አልጠይቅህም።"

"ሁለተኛ?"

"ሁለተኛ።"

እኔ ለውዙን ከነቅርፊቱ አኘክሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ሲቀላ ወርደን ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ገባን። ጋሽ ሸምሱ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ የአባባ እኩያ። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በቺንጊያና በካንዴላ የተሞላ ስለሆነ ሰው ዞሮ መውጣት አይችልም፤ እንደገባ ወደ ኋላ ነው የሚወጣው።

"ያቺ መኪና አልሞተችም እንዴ?" አለ ገና ሲያየን። "እኔ እኮ ቀብሯን ስጠብቅ ነበር።"

"አንተን ቀብራ ነው የምትሞተው" አለ አባባ።

"እንግዲያው ለቀብሬ ሙዝ ጭነሽ ሳይሆን ባዶሽን ነይ በላት፣ ትልቅ ሰው ነኝ።" አንዲት ትንሽ ካርቶን አወረደና ለእኔ ሰጠኝ። "ያንቺ አያት ዓይኑን ሰብሯልና አንቺ ስሚኝ። ማጣሪያው ላይ ቀስት አለ። የቀስቱ ጫፍ ወደ ሞተር። ከገለበጣችሁት ለእኔ እንዳትመጡ።"

ካርቶኑን በሁለት እጄ ይዤ ወጣሁ። ውስጡ ያለው የአውራ ጣት ያህል ወፍራም፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነበር፤ ግራና ቀኝ አፍ ያለው፣ ሆዱ ውስጥ እንደ መጽሐፍ የታጠፈ ወረቀት። መኪና የሚያህል ነገር በዚህች ታንቆ መቆሙ ገረመኝ።

አባባ መኪናዋን የሙዙ ጥላ ሥር አቁሟት ነበር። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ ፈታ። "ቤንዚንና ብልጭታ ባልና ሚስት አይሁኑ" አለ። ማጣሪያው ሥር ባዶ የወተት ቆርቆሮ እንድይዝ አደረገኝ። ቱቦውን በፒንሳ ቆነጠጠው፣ ማሰሪያውን በካቻቢቴ አላላው፤ ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሙዙ ቅጠል እያየ ነበር፤ ሁሉንም የሚያደርገው በጣቶቹ ብቻ ነው። ቤንዚን ጠብ፣ ጠብ፣ አለ። ቆርቆሮው ውስጥ ቀስተ ደመና ተጠመዘዘ።

"እየው" አለኝ። "ቆሻሻው በዚህ ይገባል፣ ንጹሑ በዚያ ይወጣል። መሐል ላይ ይሄ ይቆማል።"

ቀና አልኩ። በሙዙ ቅጠሎች መካከል ሁለቱ ሐይቆች ተኝተዋል፤ በዚህ በኩል አባያ፣ ቀይ ጭቃ። በዚያ በኩል ጫሞ፣ ሰማያዊ። መሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ተራራ ደኑን ለብሶ ቆሟል።

"አባባ! ድልድዩ ማጣሪያ ነው!"

"የቱ?"

"አባያ በዚህ ይገባል፣ ጫሞ በዚያ ይወጣል!"

ካቻቢቴውን አወረደ። በሩቅ ዓይኑ ቁልቁል አየ፣ አየ። "ሠላሳ ዓመት በላዩ ነድቻለሁ" አለ፣ "እንደዚህ አልታየኝም።" ከልቡ ነው ያለው። ለአንድ አፍታ ባዘቶውንም፣ ቁልፉንም፣ አጎቴንም ረሳሁ። ዓለም ሁሉ ግልጽ ሆኖ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚፈስ መሰለኝ።

ከዚያ የድሮው ማጣሪያ ወለቀ።

አባባ በጨርቅ ጠረገው። ወደ ዓይኑ አስጠጋው። አራቀው። ክንዱ እስከቻለው ድረስ ዘረጋውና ሳቀ። "ክንዴ አጠረ። የቅርብ ዓይኔ፣ እስቲ አንተ እይልኝ።"

ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ፕላስቲኩ በእርጅና የማር ቀለም ይዟል። ውስጡ፣ የወረቀቱን እጥፋቶች ሁሉ ሞልቶ፣ ባዘቶው ተኝቷል። እንደ ትንሽ ደመና።

"ምን አለው?"

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። "ጥጥ" ማለት። ግን ጥጥ ካልኩ የማን ጥጥ ይባላል፤ ማን ከተተው ይባላል፤ የማጥለሉ ሥራ ይነጠቀኛል፤ የቅርብ ዓይንነቴም ይነጠቀኛል። ቁልፍ ደግሞ ብረት ነው ብዬ አሰብኩ። ብረት ማንም ኪስ ውስጥ ቢያድር ያው ብረት ነው።

"ንጹሕ ነው" አልኩ።

"በደንብ እይ።"

"ንጹሕ ነው፣ አባባ።"

"ንፋበት እስቲ። እኔ ጥርስ የለኝም፣ ነፋሱ ያመልጠኛል።"

አፌን አስጠግቼ ነፋሁ። ጉንጬ ተወጠረ እንጂ አየሩ አላለፈም። ከንፈሬ ላይ ቤንዚን መረረኝ።

"ያልፋል" አልኩ።

"ደግ" አለ አባባ።  አዲሱን ማጣሪያ አንሥቶ፣ "ቀስቱ ወዴት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ቀስቱ እውነቱን ነገርኩት፤ አንድ እውነት ሁለት ውሸት የሚያካክስ መስሎኝ። ቱቦዎቹን ሰካ፣ ማሰሪያዎቹን አጠበቀ፣ ባትሪውን መለሰ። ሞተሩን አስነሥቶ የሚንጠባጠብ እንዳለ በጣቱ ዳሰሰ፤ አጠፋው። የድሮውን፣ "ጣለው" አለኝ። መጣል አልቻልኩም። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ደብተሮቼ ሥር ደበቅኩት። ቦርሳዬ እስከዛሬ ድረስ ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

አመሻሽ ላይ አጎቴ መጣ። "ምን ተገኘ?"

አባባ የፈለገውን ማለት ይችል ነበር። ያየ የለም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ "ንጹሕ ነው" አለ።

አጎቴ የአሸናፊ ፊት አልነበረውም። ቁልፉን ሳያነሣ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት በእንቅልፍ ውስጥ እንዳለፉ ናቸው። አባባ ጓሮው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሙዙን አጎቴ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያመጣዋል። መኪናዋ አንድ ጊዜም አልሳለችም፤ ያ ደግሞ የባሰው ነገር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ፣ "አያችሁ? ሰውየው ነበር" አለ። እኔ አባባን ማየት ፈርቼ አደባባይ ላይ ቀኑን ሙሉ ገመድ ዘለልኩ። ብረቱ ኪስ ሲቀይር የአባባ ትከሻ ዝቅ ማለቱ፣ ድምፁ ማነሱ፣ ለመኪናዋ "ነይ የኔ እናት" ማለት መተዉ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የመስቀል ዋዜማ ሆነ። እናቴ ለዝግጅቱ ቀድማ ወጥታለች። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ነን፦ አጎቴ መሪው ላይ፣ እኔ ቦርሳዬን አቅፌ መሐል፣ አባባ በመስኮቱ በኩል። ከኋላ ሙዝና ማንጎ ጭነናል። ከጫኖ ወዲያ ወደ ግራ ታጥፈን ተራራውን ጀመርን። ሙቀቱ እየቀረ፣ አየሩ እየቀጠነ ሄደ። መንገዱ ዳር አደይ አበባ ፈንድቷል፤ ከአዲስ አበባ ለበዓሉ የተመለሱ ሸማኔዎች ጥቅላቸውን ተሸክመው በእግር ይወጣሉ፤ "ዮ ማስቃላ!" ይሉናል። መኪናዋ እንደ ፍየል ትወጣለች።

"አየህ አባባ?" አለ አጎቴ። በክፋት አልነበረም፤ ደስ ብሎት ነው። "አንድም አልሳለች።"

አባባ መስኮቱን አየ።

እኔ ወደ ታች አየሁ። የአባባ እግሮች ባዶው ወለል ላይ ይሠሩ ነበር። ጠመዝማዛው ሳይደርስ ግራው ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ ቀኙ ይነሣል፤ ግራው እንደ ድመት ለስልሶ ይለቃል። ከዚያ፣ ከአንድ ትንፋሽ በኋላ፣ የአጎቴ እግር ያንኑ ያደርጋል። እንደገና ጠመዝማዛ። እንደገና አባባ ቀደመ። አንድም ጊዜ አልዘገየም። ያ እግር ምንም አልረሳም ነበር።

"አቁም!" አልኩ።

"ምነው? ሊያስመልስሽ ነው?"

"አዎ!" አልኩ። የመጨረሻው ውሸቴ ነበር።

ሰፋ ያለ ቦታ ላይ አቆመ። አባባን ተሻግሬ ዘለልኩ። ብርዱ ጆሮዬን ነከሰው። ቦርሳዬን ከፍቼ ማጣሪያውን አወጣሁ፤ ከመንገዱ ዳር በጤዛ የራሰ ሳር በሁለት እጄ ነጨሁ፤ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ሄጄ ተንበረከክሁ። ሽማግሌዎች እንደዚህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። እኛ ጋ እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው ማንም ረግጦ አያልፍም፤ የተቆጣም ይቆማል፣ መንገደኛም ይቆማል።

"ምን እየሠራሽ ነው!" አጎቴ ወረደ። "ተነሺ! ከኋላ መኪና ይመጣል!"

"አልነሣም።"

ጥቅል የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ሳሩን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ማን ነው ይቺን ልጅ የበደላት?" አሉ፣ አጎቴን ክፉኛ እያዩ።

"ማንም አልበደለኝም! እኔ ነኝ የበደልኩት!" አልኩና ጉሮሮዬ ተከፈተ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጣ፦ ሻሹ፣ አሻንጉሊቷ፣ ነርሷ፣ ባዘቶው፣ "ንጹሕ ነው" ያልኩት፣ "ያልፋል" ያልኩት። "የአባባ እግር አይደለም! ጥጥ ነው! የእኔ ጥጥ ነው!"

አጎቴ ማጣሪያውን ከሳሩ ላይ አንሥቶ ነፋበት። ፊቱ ቀላ። አየሩ አላለፈም። እንደ ሽቦ የቀጠነች እንጨት ሰብሮ በማጣሪያው አፍ ሰደደና ሳበ። የባዘቶ ክር ወጣ። ሳበ፤ ወጣ። ገና ይወጣል። ሸማኔው ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ "ጥሩ ጥጥ ነው" አሉ።

ማንም አልሳቀም። አጎቴ እንጨቱን ጣለ። አዲስ የመስቀል ሱሪ ለብሶ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሳር ነጨና፣ ከጎኔ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

አባባ ከጋቢናው ወርዶ ከፊታችን ቆሟል።  ጭጋጉ በእግሮቹ መካከል ያልፋል።

"ንጹሕ ነው አልከኝ" አለኝ።

"አዎ።"

"ለምን?"

"ፈራሁ።"

"እኔ ደግሞ" አለ አባባ፣ "ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን እግሬን ሳማው ሰነበትኩ።" ግራ እግሩን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረገው፤ ይቅርታ እንደሚጠይቀው ዓይነት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሳሩን ከእጄ ወሰደ። የአጎቴንም ወሰደ። "ተነሡ። ማቴዎስ፣ ሱሪህን አበላሸኸው። እህትህ ትገድልሃለች።"

አጎቴ ተነሥቶ ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋለት። "ጋኑ ውስጥ ገና ጥጥ ይኖራል፣ አባባ። አዲሱንም ይዘጋዋል።"

"ይዝጋዋ! ማጣሪያ ለምን ተሠራ?" ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "በተዘጋ ቁጥር የሚቀይረው እሱ ነው። እኔ ቆርቆሮ እይዝለታለሁ።"

ያን ዓመት አራት ጊዜ ቀየርኩ። አራተኛው ላይ ቱቦውን ሳላይ በጣቴ ብቻ አገኘሁት።

ያን ቀን ግን አባባ መሪው ላይ ተቀመጠ። ሸማኔውን ሽማግሌ ከነጥቅላቸው ከኋላ ሙዙ ላይ ጫንናቸው። "ነይ የኔ እናት" አለ፣ በለሆሳስ፤ መኪናዋ ተነሣች። አጎቴ እግሮቹን ሰብስቦ ተቀመጠ።  ጭጋጉ እየወፈረ መጣ፤ የቀርከሃው አጥር፣ የእንሰቱ ቅጠል፣ የጎጆዎቹ ጭስ አንድ በአንድ ከነጩ ውስጥ እየወጡ ወደ እኛ መጡ፤ እኛም ቁጭ ብለን ተቀበልናቸው።

ጨንቻ ስንደርስ ዘመድ አዝማዱ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃል። በጭጋጉ ውስጥ የሚታያቸው የመኪናዋ መብራት ብቻ ነው። እናቴ ከሁሉም ቀድማ ወጣች፤ በድምጿ ውስጥ ፍርሃት ነበረበት።

"ማቴዎስ! ማን ነው የነዳው?"

አባባ ሞተሩን አጠፋ።  አጎቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እስከ ትከሻው ወጣና አገሩ ሁሉ እንዲሰማው ጮኸ።

"ማን ይነዳል? ሹፌሩ ነዋ!"